ሦስት ቪላ የጠየቀው ሰው

ጋሽ ኸይሩ መሞቱን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ሾፌሩ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው የከተማውን ወሬ ሲነግረው ቆይቶ፣ «ያ ሦስት ቪላ የጠየቀው ሰውዬ አረፈ አሉ» አለው። ሰውየው «የትኛው?» ሲል፣ «የኮምፒውተሩ ነዋ፤ የጨርቅ ነጋዴዋ የሐዋ ባል» አለ። ከኋላ ሆኜ «ወራጅ አለ» አልኩ። መውረጃዬ ገና ነበር።

መንገድ ዳር ቆሜ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን ቢሆን ደስ ባለኝ። የመጣብኝ ግን ለዓመታት ይዤው የኖርኩት ጥያቄ ነው፤ ለሚስቱ ነግሯት ይሆን? ሐዘኑ የመጣው ኋላ፣ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ። መድኃኒቱን የጀመርኩት ሥራ ከመያዜ በፊት እዚሁ ዲላ ሲሆን፣ መድኃኒቱን ከምትሰጠኝ የክሊኒክ ነርስ ከእታገኝ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እናቴም አታውቅም። ዲላን የማያውቅ ሰው «ታዲያ ምናለበት፣ ዘመኑ እኮ ተለውጧል» ይለኝ ይሆናል። እዚህ ሰው ከሰው ሲገናኝ «የማን ልጅ ነሽ?» ይባላል፤ መልሱ ሳያልቅ ዝምድና ይወጣል። ከኮንጋ ቡና ጭኖ የመጣ የማታውቁት ሰው የአጎታችሁን ስም ጠርቶ ሰላም ይላችኋል። እናቴ ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት አላት። ወሬው ቢወጣ፣ የእኔ ይቅርና፣ እሷ ቤት ማን ገብቶ ይበላል? ስለዚህ ሳልሠራም ስሠራም፣ ስበላም ስስቅም ይቺን ነገር እጠብቃለሁ።

በ2000ዎቹ አጋማሽ ማሠልጠኛና ያው መድኃኒቴን የምወስድበት ክሊኒክ በአንድ ግቢ ባሉበት ተቋም ተቀጠርኩ። ሥራዬ ሰርቨሮቹ በሚቀመጡበት ክፍል ነው። ገብቼ የትኛው ማሽን ምን እንደሚይዝ ተነገረኝ። የክሊኒኩ የታካሚዎች መዝገብ እዚያ ነበር። ስሜ ከነካርድ ቁጥሬ እዚያ ነበር። የዚያ ክፍል አለቃ ደግሞ ጋሽ ኸይሩ ነበር።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የሸሚዝ ኪስ እሱ የኬብል መላጫ ይሰካል። ሲራመድ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያደርጋል፤ የማሽኖቹን ጩኸት እያዳመጠ የኖረ ሰው ስለሆነ ነው እላለሁ። ሻይ ቤት ሲገባ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ካልሆነ አይቀመጥም፤ ግድግዳው በሰው ከተያዘ ቆሞ ይጠጣል። እጄን ዘርግቼ «ሰናይት እባላለሁ» ስለው ጨበጠኝና፣ «ጥሩ፣ እየሠራን እንተዋወቃለን» አለ። ከእኔ በብዙ ዓመት ስለሚበልጥ እርስዎ እለው ነበር። «እርስዎ ስትዪኝ ከጎኔ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል፤ ተይው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ አልኩት።

ሰው ከሰው አያስተዋውቅም ነበር። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ገበያ ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር እየሄደ ብታገኙት እናንተን ሰላም ይላል፣ አብሮት ያለው ሰው እንደ ቆመ ይቀራል፣ ከዚያ ይዞት ይሄዳል። ማን ነው ስትሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ገና አልተዋወቅንም።» ወንድሙን ጭምር እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ። ከአባቱ የወረሰው ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ዲላ ላይ የጭነት መኪናዎች ያሏቸው ነጋዴ ነበሩ፤ ሾፌሮቻቸውን አንድ ሆቴል አያሳድሯቸውም ነበር አሉ። «ከተዋወቁ ነዳጁን ተስማምተው ይሸጡብኛል» ይሉ ነበር። ጋሽ ኸይሩ ይህን እየሳቀ ነገረኝና ወዲያው ፊቱን ቋጥሮ፣ «ልክ ናቸው ግን» አለ።

ማሽኖቹንም እንደ አባቱ ሾፌሮች ነበር የሚያያቸው። ክላስተር የሚባለውን ነገር ለማያውቅ ሰው የዕድር ዕቃ ማለት ነው። ማሽኖቹ ዲስኮቻቸውን ያዋጣሉ፤ ከተዋጣ በኋላ ድስቱ የማን ነው፣ ብርጭቆው የማን ነው አይባልም፤ አንዱ ቢሰበር ሥራው አይቆምም። እኛ ጋ እንዲህ ያሉ ሦስት ዕድሮች ነበሩ፤ የተማሪዎች፣ የአስተዳደሩና የክሊኒኩ። ክፉው ነገር፣ ማሽኖቹን ሊተክሉ ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች ቸኩለው ነበርና የአንዱን አሠራር ለሦስቱም ገልብጠው፣ ስሙን እንኳ ሳይለውጡ፣ ሁሉንም አንድ ስዊች ላይ ሰክተው ሄዱ። ስዊች ኬብሎቹ ሁሉ የሚገናኙበት ሳጥን ነው። ሦስት ዕድር፣ አንድ ስም፣ አንድ ድንኳን ሆኑ ማለት ነው።

የአንድ ክላስተር ማሽኖች ዝም ብለው አይቀመጡም። ቀኑን ሙሉ «አለህ?» «አለሁ» ይባባላሉ። አንድ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ የተማሪዎቹ ማሽን የክሊኒኩን ጥሪ ሰምቶ «አለሁ» አለ። ጋሽ ኸይሩ ስክሪኑን አይቶ፣ «ተዋወቁ» አለ። እንዲህ ዓይነት ፊት ሰው ሲሞት ነው የሚታየው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። የኮምፒውተር አስተማሪው ነው፤ ተማሪዎቹ ፊት የክሊኒክ የሚል አዲስ ነገር መጥቶልኛል፣ ልክፈተው ወይ ይላል።

እኔ አጠገቡ ቆሜ እሰማ ነበር።

ጋሽ ኸይሩ በጣም ረጋ ብሎ፣ «አይንኩት፤ ቫይረስ ነው» አለው።

አስተማሪው በድንጋጤ ማውሱን ሳይጥል አልቀረም። ጋሽ ኸይሩ ስልኩን ሳይዘጋ ዘሎ ኬብሉን ነቀለው። ያ ቃል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከላከለልኝ ያን ቀን ነው። ልስቅም ላለቅስም አማረኝ።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር መጣ። የክሊኒኩ መዝገብ ሳይበላሽ መትረፉን ከፍቶ ማየት ነበረበት። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይቺን ብቻዬን ልያት፤ ኮሪደር ላይ ጠብቂኝ» አለኝ። ወጣሁ። በሩ ተዘጋ። ለምን አስወጣኝ? አብረን የምንሠራ ሰዎች አይደለንም? ከብዙ ጊዜ በኋላ ወጣ። እኔን አላየኝም፤ ወለሉን ነው ያየው። «ደህና ነው፤ ሁሉም ቦታው ላይ ነው» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጋሽ ኸይሩን አላመንኩትም።

በማግስቱ ለአስተዳደሩ ደብዳቤ ጻፈ። ቪላን የሚባል የሙያ ቃል አለ። በአንድ ስዊች ውስጥ የሚሠመር የማይታይ ግድግዳ ነው፤ አንድ ሳጥን ላይ የተሰኩ ማሽኖች እንዳይደማመጡ ያደርጋል። ጋሽ ኸይሩም፣ «ለሦስቱ ለየብቻቸው የሚሆኑ ሦስት ቪላን ለማቋቋም እንዲፈቀድልኝ» ብሎ ጻፈ። የአስተዳደሩ ኃላፊ አማርኛ አዋቂ ሰው ነበሩ፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» የሙያው ቃል አካል ናት ብለው ሊገምቱ አይችሉም። ቪላን ማለት ቪላ ነው፣ ቪላ ማለት ቤት ነው። ተቋሙ ለሠራተኞቹ መኖሪያ ቤት የመሥራት ግዴታ እንደሌለበትና ጠያቂውም ለወደፊቱ ከዚህ ዓይነት ጥያቄ እንዲቆጠብ የሚያሳስብ መልስ ማኅተም ተመትቶበት መጣ።

ወሬው ከደብዳቤው ቀድሞ ወጥቷል። ሦስት ቪላ! ለማን ነው? «ለሦስቱ ለየብቻቸው» ብሏል እኮ። ሦስቱ እነማን ናቸው? አንዷ ሐዋ ናት፤ ሁለቱስ? ቅዳሜ ቅዳሜ በሞተር ብስክሌት ጨለለቅቱ የምትባል ከተማ ሲሄድ ያየው ሰው ሁሉ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። ጂግሶ የሚባለው የኢዲዶ ገጠር ሰው፣ ጥበቃችን፣ በር ላይ አቁሞኝ በዚያ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛው፣ «እትዬ፣ ጋሼ ኸይሩ ሦስት ቪላ ጠየቀች አሉ። ትርፍ ካላት ለእኔ ብትነግሪልኝ» አለኝ። እየቀለደ ይሁን የምሩን እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ጋሽ ኸይሩ አንድም ቀን አላስተካከለም። ሲጠይቁት «አዎ፣ ለሦስቱም ይገባቸዋል» እያለ ያልፋል። ስምህ እየጠፋ ነው፣ ለምን ዝም ትላለህ አልኩት።

«ሰው ቪላ እየፈለገ ሳለ ሽቦ አይፈልግም» አለኝ።

ሥራውን ግን ያለ ፈቃድ ሠራው። ለተማሪዎቹና ለአስተዳደሩ ግድግዳውን እዚያው ስዊች ውስጥ አሠመረላቸው። ማሽኖቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መንገድ ሰው ከሚገባበት መንገድ ለየ። የክሊኒኩን ግን ለማይታይ ግድግዳ አላመነም፤ ከዕቃ ግምጃ ቤት ሌላ ስዊች አወጣ፣ ቀይ ቀይ ኬብል ብቻ ሰካበት፣ የብረት ሳጥን ውስጥ ከቶ ቆለፈው። ከሁለቱ ቁልፎች አንዱን ራሱ ያዘ፣ ሌላውን ለእታገኝ ሰጠ። ለእኔ አልሰጠኝም። እዚያ ክፍል የምንሠራው ሁለት ሰዎች ነን፤ ቁልፉ የእኔ አልነበረም? ስጠይቀው «ያልያዝሽው ቁልፍ አያስጠይቅሽም» አለ። እኔ ደግሞ መልሱን እንዲህ ሰማሁት፤ አንቺን ስለማውቅሽ ነው የማልሰጥሽ።

ከዚያ የባሰው ቀጠለ። በሕዝብ ፊት የክሊኒኩን ኮሪደር አቋርጦ መድኃኒቱ የሚሰጥበት ኤአርቲ ክፍል መግባት ለእኔ ገበያ መሀል ራቁት ከመቆም አይተናነስም። አንድ የቀጠሮዬ ቀን ጋሽ ኸይሩ ከማሽኑ ጀርባ ሆኖ፣ «ሰናይት፣ የኤአርቲ ክፍል ኮምፒውተር ይንቀራፈፋል ብለዋል። ቦርሳሽን ይዘሽ ሄደሽ እዪው» አለኝ። የላፕቶፕ ቦርሳዬን ይዤ፣ መታወቂያዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ በሰው ፊት ቀጥ ብዬ ገባሁ። ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም። እታገኝ መድኃኒቴን ቦርሳው ውስጥ ከተተችልኝ። ስትከት ፈገግ ያለች መሰለኝና ተናደድኩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮዬም ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ። በሚቀጥለውም።

ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ይል ይሆናል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ማወቁ ገባኝ፤ ያልገባኝ የሚፈልገው ነው። እዚህ አገር ወንድ አለቃ ለሴት ሠራተኛው በከንቱ ደግ ሲሆን አላየሁም። መቼ ነው የሚጠይቀኝ? ምን ብሎ? ሻይ ሲጋብዘኝ ዛሬ ነው እላለሁ፤ ሻዩን ጠጥቶ ስለ ጄኔሬተሩ አውርቶ ይነሳል። ሁለታችን ብቻ ስንሆን በሩን ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ። እሱም ይህን አይቶ ይመስለኛል፣ ከእኔ ቀድሞ ሲገባ በሩን ራሱ ይከፍተው ጀመር። ያንንም ጠረጠርኩ። ለታይታ ነው አልኩ።

ከሁሉ የፈራሁት ግን ሐዋን ነው። ሐዋ ገበያው አፍ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላት። የከተማው ሴት ግማሹ እዚያ ዱካ ላይ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ባል ለሚስቱ የሥራ ቦታውን ወሬ ማውራቱ አይቀርም። ማታ ራት እየበላ አንዲት ቃል ቢያመልጠው፣ ያቺ ቃል በማግስቱ ከጨርቁ ጋር ተለክታ ትሸጣለች። እናቴ የመጋረጃ ጨርቅ ከሐዋ ሱቅ እንድገዛላት በላከችኝ ቀን ሌላ ሱቅ ሄጄ ውድ ጨርቅ ገዝቼ ተጣላን። በዚያ በኩል ማለፍ ካለብኝ መንገድ ተሻግሬ ነው የማልፈው። ሐዋ መልኬን ሳታውቅ ዓመታት አለፉ።

አንድ ቀን አልቻልኩም። ኬብል እየላጠ ተቀምጦ ሳለ ፊቱ ቆምኩና፣ «ጋሽ ኸይሩ፣ ስለ እኔ የምታውቀው ነገር አለ?» አልኩት።

ቀና አላለም። መላጫውን ኬብሉ ላይ አንድ ዙር አዞረው፣ ልጣጩን አወለቀ፣ ሽቦዎቹን በቀለማቸው ደረደራቸው።

«ስለ አንቺ?» አለ። «እኔና አንቺ እኮ ገና አልተዋወቅንም።»

በጣም ነው የተናደድኩት። አዎ ቢለኝ አለቅስ ነበር፣ የለም ቢለኝ ሐሰት መሆኑን አውቅ ነበር። ለወንድሙ የሚመልሰውን ለእኔ መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ከሥራ በቀር አላናገርኩትም። እሱም ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ቀኑ ሲደርስ «ያ ኮምፒውተር ደግሞ ጀመረው» አለኝ።

ኩላሊቱን መታመም ሲጀምር ለማንም አልተናገረም። ሸሚዙ ሰፋበት፣ አንገቱ ይበልጥ አዘነበለ። ለሕክምና ሐዋሳ ሊሄድ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ማሽኖቹ ፊት ጠራኝ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በብረት ሳጥኑና በእኔ መሀል ቆመ። እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ ለሳጥኑ፣ «ሰናይት ትባላለች» አለው። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ ቁልፉን እየሰጠኝ፣ «ተዋወቂው» አለኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ከሌላ ነገር ጋር ሲያስተዋውቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሳቅሁ። እሱም ሳቀና ግድግዳ ይዞ ቆመ፤ ሳቁ አደከመው።

ሲሄድ ሳጥኑን ከፈትኩት። ምን እንደ ጠበቅሁ አላውቅም። ከቀይ ኬብልና ከአቧራ በቀር ምንም የለም። ኬብሎቹ የሴት ልጅ ሹሩባ በመሰለ አሠራር ተሠርተዋል፤ አንዱም ከሌላው ስዊች ጋር አይነካካም።

ሐዋሳ ከርሞ ተመለሰ፣ ቤቱ ተኛ፤ ሥራ ግን አልተመለሰም። ልጠይቀው አልሄድኩም። ሐዋ ያለችበት ቤት እንዴት ብዬ እገባለሁ? ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለቅሶው ላይ ግን ቀርቼ ከሰው ዓይን አልተርፍም፤ ደግሞም ልቤ አልችል አለ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሄድኩ። ድንኳኑ በር ላይ አንድ በጣም ያረጁ ሰውዬ በዱላቸው ተደግፈው እንደ ልጅ ያለቅሳሉ። ማን እንደሆኑ ስጠይቅ የኸይሩ አጎት ናቸው፣ ጨለለቅቱ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ገላቸውን የሚያጥባቸው እሱ ነበር አሉኝ። ከተማው ሚስት ያደረጋቸው ሰውዬ እኚህ ናቸው።

እኛ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ነን። ሐዋ ፍራሽ ላይ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ከዓይኗ ለመሸሽ ጥግ ልይዝ ስል ሴቶቹ እንግዳ ናት ብለው ገፋ ገፋ አድርገው አጠገቧ አስቀመጡኝ። «አላህ ያጽናዎት» አልኳት። አመሰገነችኝና ስሜን ጠየቀችኝ። ሰናይት አልኩ። ከየት እንደምንተዋወቅ ጠየቀችኝ። ከእሱ ጋር እሠራ ነበር አልኩ፤ እዚያው ክፍል።

«ሁለታችሁ ብቻ?» አለች።

«ሁለታችን።»

ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ያለቀሰ ዓይኗ ሌላ ሆነ። ድምፅዋን ለእኔ ብቻ አድርጋ፣ ባሏ የሥራ ቦታውን ሰው ሁሉ ስም ጠርቶ እንደሚያወራላት ነገረችኝ። የአስተዳደሩን ኃላፊ አነጋገር እያስመሰለ ያስቃት ነበር። ስለ ጂግሶ ፍየሎች፣ ስለ እታገኝ ልጅ ጥርስ ሳይቀር ታውቃለች። «አንቺን ግን» አለችኝ፣ «አንድ ቀን ጠርቶሽ አያውቅም። ስምሽን ዛሬ ሰማሁት። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ አብራችሁ ውላችሁ፣ ለምንድን ነው ከእኔ የደበቀሽ?»

ያን ጊዜ ሁለት ነገር አንድ ላይ ገባኝ። አልነገራትም። ስሜን እንኳ አልነገራትም፤ ስሜ ቤቱ ከገባ ጥያቄ እንደሚከተለው አውቆ። ራት ላይ ሁሉን ሲያወራ የእኔ ቦታ ሲደርስ እየዘለለኝ ኖሯል። እኔ መንገድ ተሻግሬ ስሸሽ፣ እሱ ገበታው ላይ ተቀምጦ ምስጢሬን ይጠብቅልኝ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ የሐዋ ዓይን ነው። ያ የሦስት ቪላ ወሬ በሱቋ ደጅ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ፊቷ ላይ ይነበባል። አጎትየው የጨለለቅቱን ቪላ አጥፍተውላታል። ሌላው እኔ ነኝ።

ዝም ብዬ ተነስቼ መውጣት እችል ነበር። ምስጢሬ እንደ ተጠበቀ ይቀራል፤ እሱ ደግሞ አፈር ለብሶ፣ ሚስቱ ልብ ውስጥ ሌላ ሴት ይዞ እንደ ሞተ ሰው ይኖራል። እናቴን አሰብኩ። ምግብ ቤቷን አሰብኩ። የዚህች ሴት ሱቅ የት እንዳለም አልረሳሁም። ዙሪያችን ሴቶች ሞልተዋል።

«እትዬ ሐዋ፣ ጆሮዎን ያውሱኝ» አልኳት።

ጠጋ አለች። ነጠላዋ ሥር ገባሁና ነገርኳት። መድኃኒት የምወስድ ሰው ነኝ አልኳት። ካርዴ እሱ የሚጠብቃቸው ማሽኖች ውስጥ ነው። ያውቅ ነበር። ለእርስዎ እንኳ አለመንገሩን ያወቅሁት ግን አሁን፣ ከእርስዎ አፍ ነው አልኳት። ከእታገኝ በቀር ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

ትንፋሿ ጉንጬ ላይ ይሰማኛል። ከዚያ ነጠላው ሥር እጄን ፈልጋ ያዘችው፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሴቶቹ አዲስ ለቅሶ መስሏቸው አብረዋት አለቀሱ።

ጥቂት ቆይቶ የኸይሩ እህት ሻይ ይዛ ገባች። የእኔን ብርጭቆ ስታቀርብልኝ አየችኝ፣ ሐዋንም አየቻት።

«ሐዋ፣ ይቺ ልጅ ማናት?» አለች።

ሐዋ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ «እንጃ» አለቻት፤ «ገና አልተዋወቅንም።»

እጄን ግን አልለቀቀችውም።